ቁጣና ቡና በልብ ምት ላይ ስለሚያመጡት ለውጥ

ውድ ጠያቂ፣ ከሰው ጋር ተጋጭተው በዋሉበት ቀን ማምሻውን ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጡ ልብዎ በኃይል እንደሚመታና እንቅልፍ እንደሚነሳዎት ገልጸው፣ ምክንያቱ ቁጣው ነው ወይስ ቡናው ብለዋል። በእኔ እምነት ሁለቱ ተደራርበው ነው።

ሰው ሲቆጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ስለሚለቁ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። በቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር የካፌይን መንገድ ግን ሌላ ነው፤ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንዲጫነን ሲያደርግ፣ ካፌይን መቀበያውን ቀድሞ ስለሚይዝበት ድካሙ ሳይጠፋ ስሜቱ ብቻ ይደበቃል። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና እኩለ ሌሊት ላይም ግማሹ ከእርስዎ ጋር ነው። በረካው ቀጠን ቢልም ድምሩ ቀላል አይደለም።

እኔም የዘጌን ቡና ከልቤ ስለምወድ ይተዉት አልልዎትም፤ ወደ ጠዋት ያዛውሩት፣ በተቆጡበት ምሽትም በጣና ዳር ጥቂት በእግርዎ ይሂዱ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ግን፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚዛመድና ራሱ ልብን የሚያፈጥን ስለሆነ፣ ቡና አይጨምሩበት። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካጋጠመዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።