ተከራይ ያለበትን ቤት ለመሸጥ፦ ከደላላው በፊት ለተከራዮቹ ንገሯቸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትህ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ያለውን ግቢ ሊሸጡ ነው። ከኋላ ሰርቪሶቹ ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉ፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ አንድ ሱቅ። ደላላው «ባዶ ቤት ቶሎ ይሸጣል፣ መጀመሪያ አስወጧቸው» ብሏችኋል። አንተም ማስወጣት ይሻላል ወይስ ከነተከራዮቹ መሸጥ ብለህ ጠይቀሃል።

እኔ ከእህትና ከወንድሞቼ ጋር ሆኜ እዚያው ባሕር ዳር ሽምብጥ የነበረውን የአባታችንን ቤት ከነተከራዮቹ ሸጫለሁ። ኋላም ፔዳ አካባቢ ተከራይ ያለበት ቤት ገዝቼ በገዢ በኩል ያለውንም አይቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ገዢ ሳይገኝ ማንንም አታስወጡ። ደላላው አልዋሸም፤ ለራሱ መኖሪያ የሚፈልግ ገዢ ባዶ ቤት ይወዳል። ግን ያ ገዢ መቼ እንደሚመጣ ደላላውም አያውቅም። እስከዚያ ኪራዩ ይቀራል፣ ግቢው ጠባቂ ይፈልጋል። የባሕር ዳርን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። ሰኔ ላይ የተዘጋ ቤት መስከረም ላይ ሲከፈት ግድግዳው ሻግቶ፣ ሳሩ ደጃፉን ውጦት ነው የሚገኘው። ገዢ ይህን ሲያይ «ባለቤቶቹ ቸግሯቸዋል» ብሎ ዋጋ ይሰብራል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልህ ይህን ነው፦ ከደላላው በፊት ተከራዮቹ ይስሙ። እናትህ ራሳቸው ቡና አፍልተው፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አስቀምጠው ይንገሯቸው። «ቤቱን ልሸጥ ነው። ገዢ ገና አልተገኘም። ቢገኝም ሜዳ ላይ አልጥላችሁም፣ ይህን ያህል ጊዜ እሰጣችኋለሁ» ማለት ይበቃል። ተከራይን እንቅልፍ የሚነሳው ወሬውን ከሌላ ሰው መስማቱ ነው። ደላላ በሩን ገፍቶ ገብቶ «ይሄ ክፍል ስንት በስንት ነው?» ሲል ገና የሰማ ሰው ወይ በማግስቱ ጓዙን ይጠቀልላል፣ ወይ አኩርፎ ኪራይ መክፈል ያቆማል።

በእኛ ግቢ ከኋላ በኩል እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ደንበኞቿ ሁሉ እዚያው ዙሪያ ናቸው። ለእሷ ሰፈር መቀየር እንጀራዋን መቀየር ነው። የነገርናት ቀን ዝም ብላ ቆየችና «ልጆቹ ፈተና እስኪጨርሱ ብቻ» አለች። እስከ ሰኔ መጨረሻ ቃል ገባንላት፣ በወረቀትም ጽፈን ፈረምንላት። ከዚያ በኋላ ለገዢዎች በር የምትከፍተው እሷ ሆነች።

ቤቱን የገዙን ሰውዬ መጀመሪያ ከደላላ ጋር አይተው ሄዱ። ሌላ ቀን ብቻቸውን ተመልሰው መጡና የጠየቁት እኛን ሳይሆን እሷን ነው። ውኃ መቼ ይመጣል? ጣሪያው ያፈሳል? ጎረቤቱ እንዴት ነው? ምንም አልደበቀችም። ውኃው አንዳንዴ ሌሊት ብቻ እንደሚመጣ፣ ለዚያም ሮቶ እንዳለ፣ የእሷ ክፍል ቆርቆሮ አምና እንደተቀየረ ነገረቻቸው። በኋላ ለፊርማ ስንገናኝ «ልቤን የጣልኩት እሷ ከነገረችኝ ወዲህ ነው» አሉን። ብልህ ገዢ ሁሌም እንዲህ ያደርጋል። የከፋው ተከራይ ካገኘ ደግሞ «ኧረ ሽንት ቤቱ ሞልቶ አስቸግሮናል» የምትል አንዲት ቃል ሽያጩን ታፈርሰዋለች።

ቤት የሚታይበትን ሰዓትም ቁረጡ። ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ። ደላላው ቀድሞ ይደውል። ሰው ልጁን በሚያጥብበት ሰዓት እንግዳ ማስገባት ነውር ነው፤ ቤቱ የእናንተ ቢሆንም ክፍሉ የእነሱ መኖሪያ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቤቱ በሽያጭ ለሌላ ሰው ከተላለፈ አዲሱ ባለቤት ውሉን የሚያቋርጠው የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው ይላል። የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ የሚለውም እዚያው ነው። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱን የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ምንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት የኪራይ ውሎቹን ይዘህ ክፍለ ከተማው ሄደህ ጠይቅ። ሱቁን ለብቻው እየው፤ አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው። የሱቅ ነገር በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው።

ሽያጩን በመንደር ውል እንዳትጨርሱት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ውሉ ላይ እያንዳንዱ ተከራይ በስሙ ይግባ፦ የትኛው ክፍል፣ ኪራዩ ስንት፣ እስከየትኛው ወር እንደከፈለ፣ መቼ እንደሚወጣ ወይም እንደሚቆይ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ኪራዩ የገዢው እንደሚሆንም ይጻፍ። እኔ የፔዳውን ስገዛ አንዱ ተከራይ አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። ሻጩ ያንን ብር ከዋጋው ላይ ቀነሱልኝ፤ ተከራዩም ሁለቴ ክፈል ሳይባል፣ እኔም ሳልጎዳ አለፈ።

«ባዶውን አስረክባለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቁባት። ደላላው በጥድፊያ ያስገባታል። ተከራዩ በቀኑ ካልወጣ መቀጫው የሚያርፈው እናትህ ላይ ነው። ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ሻጭ ደግሞ በሕጉ እጥፉን ነው የሚመልሰው። ገዢው ባዶ ቤት ከፈለገ የማስረከቢያውን ቀን ተከራዮቹ ከተስማሙበት ቀን በኋላ አድርጉት። ገዢው እስከዚያ ጥቂት ቀሪ ክፍያ ይዞ ይቆይ፤ ቁልፍ ሲረከብ ይከፍላል። ከተቻለ ቀኑ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ይሁን። በየካቲት ልጅ ከትምህርት ቤቱ ነቅሎ ቤት ፈልግ ማለት ከባድ ነው። ሐምሌ ላይ ግን ሰውም ይስማማል።

ገዢ ሁሉ ባዶ ቤት እንደሚፈልግ አድርገህም አታስብ። ውጭ የሚኖርና ገንዘቡን ቤት ላይ ማዋል የሚፈልግ ሰው፣ በሰዓቱ የሚከፍል ተከራይ ያለበትን ግቢ ይመርጣል። ለዚህ ዓይነቱ ገዢ ኪራዩ በባንክ የገባበትን ወረቀት አሳየው። እናትህ እስካሁን በእጅ የሚቀበሉ ከሆነ ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ ይሁን። ከተከራዮቹ አንዱ ራሱ መግዛት የሚችል እንደሆነም ጠይቁ።

አንዱ ተከራይ አልወጣም ቢልስ? በሽማግሌ ነው የሚጀመረው። አባይ ማዶ ላይ የሚከበር አባት አይጠፋም። ካልሆነ ፍርድ ቤት። መብራት መቁረጥ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ በር መንቀል የሚባለውን ምክር ማንም ይስጥህ ማን አትስማ። ሕገ ወጥ ነው፤ ከዚያም በላይ ሕፃናት ባሉበት ቤት የሚደረግ ነገር አይደለም። እናትህም በሰፈሩ ያላቸውን ስም በዚህ ማጣት የለባቸውም።

የመብራትና የውኃ ነገር አጭር ናት። ቆጣሪው አንድ ከሆነ የሁሉም ሂሳብ ከርክክቡ በፊት ይዘጋ፤ የቆጣሪው ንባብም በዚያው ቀን ፎቶ ይነሳ።

አሁን አንተ አንድ ነገር አድርግ። የሱቁን ውል አውጥተህ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ተከራዩ በራሱ ወጪ ያሠራው ነገር ካለም እዚሁ ጻፍልኝ። የሰርቪሶቹ ነገር በቡና ይፈታል፣ ሱቁ ግን በውሉ ቃል ነው የሚወሰነው። እሱን ካየሁ በኋላ ለገዢው ምን ብላችሁ ማቅረብ እንዳለባችሁ እጽፍልሃለሁ።