ደጃፍዎ ላይ የሜፕል ዛፍ ከመትከልዎ በፊት

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተው «ደጃፌ ላይ ቀይ ሜፕል ለመትከል 700 ዶላር ተጠየቅሁ፤ ላስተክል ወይስ ራሴ ልትከል?» ብለው የጠየቁን እህታችን፣ እኔ ራስዎ ይትከሉት እላለሁ። ቤቴ እዚያው አካባቢ ስለሆነ አፈርዎ እንደ እኔው ሸክላማ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

1. ዝርያውን ይለዩ። ቀይ ሜፕል የአካባቢው ተወላጅ በመሆኑ ሸክላማና እርጥብ አፈር ይችላል። ሲልቨር ሜፕል ቶሎ ያድጋል ቢሉዎት አይቀበሉ፤ ቅርንጫፉ በነፋስና በበረዶ ይሰበራል፣ ሥሩም ላይ ላዩን እየሄደ የእግረኛ መንገድ ያነሣል። ኖርዌይ ሜፕል ደግሞ ወደ ጫካ እየተዛመተ የአገሩን ዕፅዋት የሚያፈናቅል ነው፤ የቅጠሉን ዘንግ ሲቆርጡት እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ካወጣ እሱ ነውና ይተዉት።

2. ጥልቀቱን ይጠብቁ። ገንዘቤን የበላው ይህ ነው። የከፈልኩት የግቢ ሥራ ድርጅት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መጥቶ ዛፉን ሥሩ ከተጠቀለለበት የሽቦ ቅርጫትና ጆንያ ሳያወጣ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ መልቹን (አፈሩን የሚያለብሱበትን የእንጨት ፍቅፋቂ) ግንዱ ላይ ከምሮ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ዛፉ አማረ። ከዚያ በኋላ ግን ቅጠሉ እያነሰ፣ ገና በኦገስት እየቀላ፣ ጫፉም በአንድ ወገን እየደረቀ መጣ። ስደውል ዋስትናው የአንድ ዓመት ብቻ እንደሆነና ውኃ ሳላጠጣው እንደቀረሁ ነግረውኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት፤ እኔ ግን አንድም ሳምንት አላስጠማሁትም ነበር። ኋላ የዛፍ ባለሙያ አምጥቼ አፈሩን ሲያነሣልኝ ግንዱ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ግንድ ወደ ሥር ሲደርስ ሊሰፋ ይገባል፤ የእኔው የሚሰፋበት ቦታ ከአንድ ስንዝር በላይ ተቀብሮ፣ አውራ ጣት የሚያህል ሥር ግንዱን ዞሮ ቅርፊቱን ሰርስሮ ገብቷል። የተቀበረ ግንድ አየር ያጣል፣ ቅርፊቱም እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል፤ ግንዱን የሚያንቀው ሥርም ውኃና ምግብ እንዳያልፍ ይዘጋል። ያ ዛፍ ሊድን አልቻለም።

ሁለተኛውን ራሴ ተከልሁ። በመጀመሪያ ችግኙ የመጣበትን ማሰሮ አፈር ከላይ አንሥቼ ግንዱ የሚሰፋበትን ቦታ ፈለግሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከችግኝ ጣቢያው ሲመጣም ተቀብሮ ነው። በማሰሮው ዙሪያ የተጠመጠሙትን ሥሮች ቆረጥሁ፤ ጉድጓዱን ሥሩን ከያዘው አፈር ሁለት ሦስት እጥፍ አሰፋሁት እንጂ አላጠለቅሁትም፤ ግንዱ የሚሰፋበት ቦታ ከመሬት ጥቂት ከፍ እንዲል አደረግሁ። መልቹም ከግንዱ ፈቀቅ ያለ፣ ውፍረቱ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ነው። ዛሬ ዛፉ ከጣሪያዬ በላይ ነው፤ በኦክቶበር ሲቀላ የማላውቃቸው ጎረቤቶች እንኳ ቆመው ማን እንደተከለው ይጠይቁኛል፣ እኔም በኩራት እመልስላቸዋለሁ።

ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ያርቁት፤ ከመቆፈርዎ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብለው 811 ደውለው የጋዝና የመብራት መስመሩ በሚያልፍበት ላይ በነፃ ምልክት ያስደርጉ። የሚተከለው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ዝናብ በጠፋ ቁጥር በዝግታና በጥልቀት ያጠጡት። በመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያ አይጨምሩበት።

ደግሞም 700 ዶላሩን ከማውጣትዎ በፊት ትሪ ሞንትጎመሪ ለተባለው የካውንቲው ፕሮግራም ያመልክቱ፤ ግቢዎ በቂ ቦታ ካለው የጥላ ዛፍ ያለ ክፍያ ይተክሉልዎታል፣ ለእኔ ግን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የግድ ሠራተኛ ካስገቡም፣ የዚያን ዕለት ቤት ይዋሉ፤ ሽቦው ወጥቶ፣ ግንዱም መሬት ላይ ሲሰፋ በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘቡን አይስጡ።