«የፕላስቲክን ጥቅም ጻፉ» ተባልን፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ «የፕላስቲክ ጥቅም» በሚል ርእስ የድርሰት ውድድር አውጥቷል፤ ከ500 ቃል እንዳይበልጥ ተብለናል። እስከ ዛሬ የተማርነው ግን ጉዳቱን ነው። ጥቅሙን ብቻ ስጽፍ የዋሸሁ ይመስለኛል። እንዴት ልጀምረው?
የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ «ፕላስቲክ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ተይውና አንድ ዕቃ ምረጪ። በ500 ቃል ስለ ፕላስቲክ ሁሉ ልጻፍ ያለ ሰው «ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም» ብሎ ያልቅበታል። አንድ ዕቃ ከያዝሽ ግን ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ ይህ ከመምጣቱ በፊት በምን እንጠቀም ነበር?

ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንውሰድ። ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ መቅጃ ይሆናል። ከእሱ በፊት እንስራ ነበር። ባዶ እንስራና ባዶ ጀሪካን እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስመዝኚ፣ የሚይዙትንም ውኃ በሊትር ለኪ። አንድ ሊትር ውኃ በሁለቱም ውስጥ 1 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የሚለያያቸው የዕቃው ክብደት ብቻ ነው። እናቶች ከምንጭ እስከ ቤት በጀርባቸው የተሸከሙት ትርፍ ክብደት እሱ ነው። ራስሽ የመዘንሽው አንድ ቁጥር ከሁለት ገጽ ሙገሳ ይበልጣል።

ቀጥለሽ ለእንስራም ፍረጂለት። ሸክላ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲተን የውስጡ ውኃ ይቀዘቅዛል። ጀሪካን ይህን አይችልም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ ውስጡ አረንጓዴ ሲይዝ ጠጠርና ሳሙና ጨምሮ መነቅነቅ ነው መላው። ፀሐይ ላይ የከረመው ደግሞ ጨረሩ የፕላስቲኩን ሰንሰለት ስለሚበጣጥሰው ይደርቅና ይሰነጠቃል። የዕቃውን ቂጥ ገልብጠሽ እዪ፦ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ 2 ካለ ፖሊኢትሊን ነው፣ «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ጠርሙስ ላይ ያለው 1 ደግሞ ፔት። ቁጥሩን የጠቀሰ ድርሰት ስለ የትኛው ፕላስቲክ እንደሚያወራ ያውቃል።

ቤተሰብሽ እህል የሚያከማች ከሆነ ሌላም ዕቃ አለ፤ ነቀዝ የሚከላከለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት። ውጩ «ማዳበሪያ» የምንለው የተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ውስጡ ሁለት የፖሊኢትሊን ከረጢት። የእያንዳንዱ አፍ ለየብቻው ተጠምዞ ይታሰራል። ነቀዙ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ሲጨርስ መብላትም መራባትም ያቆማል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። የሚከሽፈው አይጥ ስትበሳው ወይም እህሉ ሳይደርቅ ሲታሰር ነው፤ እርጥብ እህል ይሻግታል። መድረቁን ለማወቅ የደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶ ያህል እህል ጨምሪበት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው አክለሽ 1 ደቂቃ ነቅንቂ፣ 15 ደቂቃ አስቀምጪ። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው።

ጥያቄ፦ የዚሁ ዓይነት ውድድር ዳኛ ነኝ። ስፖንሰሩ ፕላስቲክ አምራች ስለሆነ፣ ጉዳት የጠቀሰ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት የሚሉ አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
መምህር፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይቀነስበት፤ እንዲያውም ይጨመርለት። የደም ከረጢትን ይመልከቱ። ድሮ ደም በብርጭቆ ጠርሙስ ይቀመጥ ነበር፤ ይሰበራል፣ አየርም ይገባዋል። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ከረጢት ግን ሳይከፈት ከነደሙ በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀይ ሕዋሱና ፕላዝማው በተያያዘ ቱቦ ወደየከረጢታቸው ይለያያሉ። አንዱ ለጋሽ ለሁለት ሦስት ታማሚ የሚደርሰው በዚህ ነው። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ስለሆነ ግን ማለስለሻ ይጨመርበታል። ለረጅም ዘመን የተለመደው ማለስለሻ ወደ ደሙ ይሾልካል፤ በጤና በኩል ያሰጋል፣ ያው ራሱ ደግሞ ቀይ ሕዋሱ ቶሎ እንዳይፈርስ ይረዳል። ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ ጠብታ ውስጥ ናቸው፤ አንዱን ብቻ የጻፈ ተማሪ ግማሹን ነው የጻፈው።

ከ100 እንዲህ ቢያከፋፍሉት እንላለን፦ ተማሪው ራሱ ለለካው ወይም ለቆጠረው 40፣ ከቀድሞው ዕቃ ጋር ላደረገው ንጽጽር 25፣ ጉዳቱን በሐቅ ላነሣበት 20፣ ለቋንቋ 15። ለልኬት ይህን ያህል የሰጠነው ከኢንተርኔት ሊገለበጥ ስለማይችል ነው። ክፍፍሉ ውድድሩ ሳይጀመር ይለጠፍ። ስም ተሸፍኖ በቁጥር ይታረም፣ ሁለት ዳኞች ለየብቻ ያርሙ፤ ልዩነታቸው ከ15 ከበለጠ ሦስተኛ ይጨመር። ስፖንሰሩ ሽልማቱን ይስጥ፤ ወረቀቱን ግን አይንካ።

ጥያቄ፦ ፌስታል ታግዶ የለ? ስለ እሱ ጥቅም መጻፍ ይቻላል?
የ9ኛ ክፍል ተማሪው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይቻላል፤ የታገደው ከረጢቱ ነው፣ ድርሰቱ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ከረጢት ይከለክል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ክልከላውን አሰፋው። አንተ የምትመልሰው ፌስታሉ የሠራውን ሥራ አሁን ማን ይሠራዋል የሚለውን ነው። ዘንቢል ጎመንና ሽንኩርት ያለ ችግር ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ግን ደሙን መንገድ ላይ ያንጠባጥባል። ድርሰትህን ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ጀምረው።