ፈቃዱን ላይብረሪዎቹ ቀድመው መርጠውልሃል

አንድ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ለመድኃኒት ቤቶች የሚሆን የዕቃ መቆጣጠሪያ በፓይቶን ሠርቷል። መስኮቶቹን በፓይኪዩት5፣ የደረሰኙን ፒዲኤፍ በፓይሙፒዲኤፍ በተባሉ ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያቀረቧቸው ዝግጁ ኮዶች)፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ደግሞ በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ፎንት አዘጋጅቷል። «ኮዱን ሳልሰጥ መሸጥ እፈልጋለሁ፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላውን ክፍል ግን በነጻ እለቀዋለሁ። ሁሉም ላይ የኤምአይቲን ፈቃድ ለጥፌአለሁ፤ ይበቃኛል?» ሲል ጠይቆናል።

ወንድሜ፣ አይበቃህም። ኤምአይቲ ማለት «ወስዳችሁ የፈለጋችሁትን አድርጉበት፣ ስሜንና ይህን ጽሑፍ ብቻ አታጥፉ» ማለት ነው። ልትሸጠው ያሰብከውን ዕቃ በር ላይ አውጥተህ «ውሰዱ» ብለሃል። ይህ ግን በአንድ ደቂቃ የሚታረም ነገር ነው። ዋናው ችግርህ ከሥር ነው።

ፓይኪዩት የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው፦ ኮዱ ለተቀባዩ ክፍት እንዲሆን በሚያዘው የጂፒኤል 3 ፈቃድ፣ አለዚያም በሚገዛ የንግድ ፈቃድ። ገንዘብ ካልከፈልክ ያለኸው ጂፒኤል ላይ ነው። ጂፒኤል ደግሞ እርሾ ነው፤ ጥቂቱ ሊጡን ሁሉ ያቦካል። ራስህ በጻፍካቸው ፋይሎች ላይ ኤምአይቲ ብትል ከጂፒኤል ጋር አይጣላም፤ ተጠቅልሎ ለደንበኛ የሚሰጠው ፕሮግራም ግን በሙሉ በጂፒኤል ይገዛል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፣ ያለ ምክንያት። ጂፒኤል መሸጥን አይከለክልም። የፈለግኸውን ዋጋ ጠይቅ። ነገር ግን የገዛህ ሰው የምንጭ ኮዱን የማግኘት፣ የማሻሻልና ለጎረቤቱ የመስጠት መብት አለው። ግዴታህ ፕሮግራሙን ለሰጠኸው ሰው እንጂ ለመላው ዓለም አይደለም። በገዛ ቢሮህ ብቻ የምትጠቀምበት ቢሆን ኖሮ ኮዱን የምትሰጠው ሰውም አይኖርም ነበር። እኔ እስካየሁት ድረስ ባለ መድኃኒት ቤቱ የሚከፍለው ለኮዱ ሳይሆን፣ ኮምፒውተሩ የቆመ ዕለት ለሚመጣለት ሰው ነው። ስለዚህ ከጂፒኤል ከመሸሽህ በፊት የምትሸሸው ከምን እንደሆነ አስብ።

ኮዱን መዝጋት የግድ ነው ካልክ፣ የንግድ ፈቃዱን በውጭ ምንዛሬ ለመግዛት ከመሯሯጥ ላይብረሪውን መለወጥ ይቀላል። ፓይሳይድ6 ፓይኪዩት የቆመበት የኪዩት ባለቤት የሆነው ኩባንያ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ፈቃዱም የጂፒኤል ለዘብተኛ ወንድም የሆነው ኤልጂፒኤል ስለሆነ የአንተን ኮድ ሳይነካ አብሮ ይኖራል። ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ሥራው በአብዛኛው የኢምፖርት መስመሮችንና እንደ ፓይኪዩትሲግናል ያሉ ጥቂት ስሞችን መቀየር ነው።

እኔን የያዘኝ ወጥመድ ግን እዚያው ውስጥ አለ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ሥራ አስረክቤ «ሁሉም ኤልጂፒኤል ነው» ብዬ ፈረምኩ። የሽያጭ ግራፎቹን የሠራሁት የኪዩት የግራፍ ክፍል በሆነው በኪዩት ቻርትስ ነበር። ይህ ክፍል አብሮ ይምጣ እንጂ ኤልጂፒኤል አይደለም፤ ጂፒኤል 3 ወይም ንግድ ነው። የደንበኛዬ አማካሪ ሲያገኘው ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። ግራፎቹን በሙሉ በሌላ ላይብረሪ፣ በማትፕሎትሊብ፣ እንደገና ሠራኋቸው። አንተም ግራፍ ካለህ አሁኑኑ እይ።

የፓይሙፒዲኤፍ ፈቃድ ከጂፒኤልም የጠበቀ ነው። ኤጂፒኤል ስለሆነ፣ አሻሽለህ በኔትወርክ ብታቀርበው በሩቅ ለሚጠቀሙትም ኮዱን ማቅረብ አለብህ። ደረሰኝ ለማተም ብቻ ከሆነ ሪፖርትላብ ይበቃሃል፤ ፈቃዱ እንደ ኤምአይቲ ልል የሆነው ቢኤስዲ ነው። ፊደላችን እንደ ዐረብኛ የሚቀጣጠል ስላልሆነ ፎንቱን ከጫንክለት ያለ ችግር ይጽፈዋል። አቢሲኒካ ራሱ ኦኤፍኤል በተባለው የፎንቶች ክፍት ፈቃድ ስለወጣ ከሸቀጥህ ጋር ማሸግ ትችላለህ፤ የፈቃዱን ጽሑፍ አብረህ አስቀምጥ፣ ፎንቱን ብቻውን አትሽጥ።

ስታሽግ፣ ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ የሚጠቀልለውን ፓይኢንስቶለርን አትፍራው። እሱ ራሱ ጂፒኤል ቢሆንም፣ ለሚያሽጋቸው ፕሮግራሞች ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያደርግ ልዩ አንቀጽ አለው። ሁሉን በአንድ ፋይል ከመጨፍለቅ ግን በአቃፊ አውጣው። ኤልጂፒኤል ተጠቃሚው ላይብረሪውን በራሱ ቅጂ መተካት እንዲችል ይጠይቃል፤ በአቃፊ ሲሆን ይህ ግልጽ ነው። ፓይሳይድን እንደተጠቀምክ የሚገልጽ ማስታወቂያና የፈቃዱን ጽሑፍም ጨምር።

ዘመን አቆጣጠሩን የሚያሰላው ክፍል ፓይኪዩትን የማይጠራ ከሆነ የአንተ ነው። በተለየ የኮድ ማከማቻ አውጣው። እኔ ብሆን ከኤምአይቲ ይልቅ አፓቺ 2.0ን እመርጣለሁ፤ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ጉዳይን በግልጽ ይናገራልና። ጂፒኤል 2 ብቻ ከሆነ ሥራ ጋር ግን እንደማይገጥም እወቅ፤ ከጂፒኤል 3 ጋር ይገጥማል።

«የአንተ ነው» ስል በአንድ ነገር ላይ ተማምኜ ነው። በደብዳቤህ «ከጓደኛዬ ጋር ስንሠራ» የምትል ሐረግ አይቻለሁ። ጓደኛህ የጻፈው የእሱ ነው፤ ካልፈቀደ ፈቃድ ልትሰጥበት አትችልም። ተቀጥረህ እየሠራህ የጻፍከውም ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪህ ነው። ከጓደኛህ አጭር የጽሑፍ ስምምነት ተቀበል፤ ገንዘብ መምጣት ከጀመረ በኋላ አጭር ሆኖ አይቀርም።

ከዚያ ፒፕ-ላይሰንስስ የተባለችውን ትንሽ መሣሪያ አስኪድና የጫንካቸውን ላይብረሪዎች ከነፈቃዳቸው አውጣ። ፎንትንና የአዶ ሥዕሎችን አታይልህም፤ እነዚያን በእጅህ ዝርዝሩ ላይ ጨምር። ዝርዝሩን ላክልኝ፤ ግራፍ ካለበት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።