ፍራንቻይዝ ልግዛና አሜሪካ ልግባ?

ጥያቄ፦ የጽዳት ሥራ ፍራንቻይዝ (በአንድ ድርጅት ስምና አሠራር የመነገድ መብት) ገዝቼ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አሜሪካ መኖር አስቤያለሁ። ደላላው «ግሪን ካርዱ አብሮ ይመጣል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ደላላዎ ምላሱ ቅቤ ነው! እንዲህ ንግድ ገዝተው ለሚገቡ የሚሰጠው ኢ-2 የተባለ የባለሀብት ቪዛ ግሪን ካርድ አይደለም፤ ንግዱ እስከሠራ ድረስ የሚታደስ ፈቃድ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር ለዚህ ቪዛ የሚያበቃ ውል ስላላት ማመልከት ይችላሉ። ለሚያወጡት ገንዘብ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ መጠን የለም። ግን ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ አይሆንም፤ ንግዱ ላይ መዋል አለበት። ለባለሀብት ግሪን ካርድ የሚያስገኘው ኢቢ-5 የተባለው ሌላ የቪዛ ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ ቢያንስ 800,000 ዶላርና 10 የሥራ ዕድል ይጠይቃል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ሰነዱን አነባለሁ። ሻጩ ከመፈረምዎ 14 ቀን በፊት የፍራንቻይዙን መግለጫ ሰነድ የመስጠት ግዴታ አለበት። ክፍል 20ን ይግለጡ፤ በቅርቡ ጥለው የወጡ ገዢዎች ስምና ስልክ እዚያ ነው። ይደውሉላቸው፣ ደላላው ባይወድም።