ጥርሴን ልታከም ሄጄ በሽታ ይዤ እመለስ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የስኳር ሕመም አለብኝ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። በ2012 ዓ.ም. የታችኛው መንጋጋ ጥርሴን የሥር ሕክምና ጀምሬ ሳልጨርስ ኮሮና ገባና በጊዜያዊ ሙሌት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ባበጠ ቁጥር አሞክሲሲሊን እየገዛሁ እያበረድኩት ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት እንደገና ሲያብጥ ፒያሳ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድኩ፤ መጠበቂያ ክፍሉ በሚያስሉ ሰዎች ተሞልቶ ሳየው ከበር ተመለስኩ። ልጆቼ ይቆጡኛል። እኔ ግን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛዬን አውልቄ፣ አፌን ከፍቼ መቀመጥ ያስፈራኛል። ሌላ ወረርሽኝ ቢነሳስ? ኤችአይቪና የጉበት በሽታስ አይተላለፉም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጀመሪያ የጥርሱን ጉዳይ እናንሳ፤ ፍርሃቱ ቀጥሎ ይመጣል። ጊዜያዊ ሙሌት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚሆን ክዳን ነው። ክዳኑ ሲሰነጠቅ ምራቅና ተህዋስያን ወደ ጥርሱ ሥር ይገባሉ፤ መግልም ይቋጥራል። አሞክሲሲሊን በደም ተጉዞ የሚሠራ መድኃኒት ነው። የሞተ የጥርስ ሥር ውስጥ ደግሞ ደም አይዞርም። ስለዚህ እብጠቱ ይጎድላል እንጂ ምንጩ አይደርቅም። የሚመላለስብዎትም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ስኳር አለ፤ መግሉ ስኳርዎን ከፍ ያደርገዋል፣ ከፍ ያለው ስኳር ደግሞ መግሉን ያበረታዋል። በዚህ ሳምንት ውስጥ መታየት ይኖርብዎታል።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ እንምጣ። ከባዶ የመነጨ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ የጥርስ ሕክምና ለበሽታው እጅግ ከተጋለጡት ሥራዎች አንዱ ተደርጎ ታየ። መሰርሰሪያውም ሆነ የጥርስ ማጠቢያው ውሃ እየረጨ ስለሚሠራ፣ በታካሚው አፍ ዙሪያ የሚንሳፈፍ ጉም ይፈጠራል፤ ምራቅ ከዚያ ጉም ጋር ይቀላቀላል ተብሎ ተሰጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት፣ በሽታው በማኅበረሰቡ ውስጥ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና ይዘግይ ሲል መከረ። እኔም ታካሚዎቼን «እቤታችሁ ቆዩ» እል ነበር።

ምክሩ ግን ሁለት ክፍል ነበረው። ሕመም፣ እብጠትና መድማት ያለበት ሰው ሳይዘገይ ይታከም ይላል ሁለተኛው ክፍል። ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እኛም ሁለተኛውን ጮክ ብለን አልተናገርንም። በዚያ ክረምት አንድ አባት ወደ እኔ መጡ። ለሦስት ሳምንታት ቅርንፉድ ሲነክሱና በታመመው ድድ ላይ አስፕሪን ሲያስቀምጡ ቆይተው ነበር። አስፕሪኑ ድዳቸውን አቃጥሎታል፤ እብጠቱ ከአገጫቸው ሥር ወርዶ ምላሳቸውን ወደ ላይ ገፍቶታል፤ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸዋል። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ላክናቸው፤ ተረፉ። ሊገድላቸው የነበረው ኮሮናን ፈርተው ያቆዩት ጥርስ ነው። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ የታወሱኝ እኚያ አባት ናቸው።

ስለ ጉሙም ቆይቶ ብዙ ተረድተናል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በሕክምናው ወቅት የሚረጨው ጠብታ በአብዛኛው ከመሣሪያው ንጹሕ ውሃ የሚመጣ መሆኑን፣ ከታካሚው ምራቅ የሚመጣው ግን ጥቂት መሆኑን አሳየ። ምራቃቸው ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች እንኳ ሲታከሙ በተረጨው ጠብታ ውስጥ አልተገኘም። ምራቁን በኃይል የሚስብ ቱቦ ሲጨመርና ጥርሱ በስስ ላስቲክ ሲከለል ስጋቱ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ለሥር ሕክምና ላስቲኩ ድሮም ቢሆን መኖር ያለበት ነገር ነው።

እንግዲህ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ እኔ ከወንበሩ ይልቅ የምፈራው እርስዎ የሸሹትን መጠበቂያ ክፍል ነው። በዚህ ትክክል ነዎት። መሃል አዲስ አበባ ያሉ ክሊኒኮች ብዙዎቹ ፎቅ ላይ የተከራዩ ጠባብ ክፍሎች ናቸው፤ መስኮት ሲከፈትም «ብርድ ይመታናል» የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አንባቢዎች፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አብሮ የሚያስል ሰው ከነፋሱ ይልቅ ይጎዳል፤ ኮሮናም ጉንፋንም የሳንባ ነቀርሳም በዚሁ መንገድ ይጓዛሉ። እርስዎ ደግሞ አስቀድመው ደውለው የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ይያዙ፤ ተራዎ እስኪደርስ ደረጃው ላይ ወይም ውጭ ይጠብቁ፤ መሸፈኛዎን የሚያወልቁት ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ብቻ ይሁን። ትኩሳት ወይም አዲስ ሳል ካለዎት ሳይደብቁ በስልክ ይንገሯቸው።

በደም የሚተላለፉት በሽታዎች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኤችአይቪ ነው። ሆኖም በታማሚ ደም የተነከረ መርፌ ቢወጋን፣ ኤችአይቪ የመያዝ ዕድል ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ሲሆን፣ ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ግን ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ይህ የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ይቆያል። ክትባት ያለው መሆኑ መልካም ዜና ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን በልጅነታቸው አላገኙትም፤ ስለዚህ ተመርምረው ነጻ ከሆኑ ይከተቡ።

ዕቃው በትክክል ከጸዳ ግን ይህ ሁሉ አይደርስም። ማጽዳት ማለት መቀቀል ወይም በአልኮል መጥረግ አይደለም፤ አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን፣ በግፊት በታመቀ እንፋሎት፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ወይም በ134 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ብዙ ቦታ የሚዘነጋው መሰርሰሪያው ራሱ ነው፤ ሲቆም ምራቅና ደም ወደ ውስጡ ሊስብ ስለሚችል ከታካሚ ወደ ታካሚ ሳይጸዳ ማለፍ የለበትም። መርፌውና የማደንዘዣው ብልቃጥም ለአንድ ሰው ብቻ ናቸው።

ይህን እንዴት ያውቃሉ? ይጠይቁ። ይሉኝታ ይዟቸው ዝም የሚሉ ብዙ ታካሚዎች አያለሁ፤ ሐኪሙን የሰደቡ ይመስላቸዋል። «ዶክተር፣ የዕቃውን ከረጢት እኔ እያየሁ ቢከፍቱልኝ» ማለት ስድብ አይደለም። ከረጢቱ ላይ በሙቀት ቀለሙን የሚቀይር ምልክት አለ፤ ያሳዩዎት። መብራት ሲጠፋ ዕቃውን በምን እንደሚያጸዱም ይጠይቁ፤ እኔ ታካሚ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። በጥያቄዎ የሚቆጣ ሐኪም ከገጠመዎት ተነሥተው ይውጡና ሌላ ክሊኒክ ይሂዱ።

ስለ ስኳርዎ ደግሞ፣ ጾም ውለው አይሂዱ። ለጥርስ ማደንዘዣ ባዶ ሆድ አያስፈልግም፤ ቁርስዎን በልተው፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ወስደው፣ ስኳርዎን ለክተው ቁጥሩን ለሐኪሙ ይንገሩ። የጾም ወቅት ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ እንደሚፈቅዱ አልጠራጠርም።

ከቀጠሮው በፊት እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ልጆችዎን ቀስቅሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከእርስዎ ሰፈር ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ቅርብ ነው።

የ2012ቱ የራጅ ፊልም እቤት ካለ ፈልገው ይዘውት ይሂዱ። ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ሥሩ መዳን የሚችል መሆኑን ወይም ጥርሱ መነቀል ያለበት መሆኑን ይነግርዎታል።