ለ100 ኪሎ ሰውና ለተፈናጣጭ ስንት ሲሲ ሞተር ይሁን?

ወንድሜ፣ 100 ኪሎ ነኝ፣ ባለቤቴን አፈናጥጬ ከደብረ ማርቆስ ደጀን እመላለሳለሁ፣ 125 ሲሲ (የሞተሩ ሲሊንደር መጠን) ይበቃኛል ወይ ላልከው፣ አይበቃህም። ሜዳው ላይ ይሄዳል። ዳገት ሲመጣ ግን ማርሽ እየቀነስክ ሞተሩን ማስጮህ ነው፤ ደግሞ የእኛ አካባቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ቢያንስ 150፣ አቅሙ ካለህ 200 ግዛ።

ከሲሲው በላይ ግን የመጫን አቅሙን እይ። መመሪያው ላይ ካለው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት የሞተር ሳይክሉን ክብደት ቀንስ፣ የሚቀረው ለሁለታችሁና ለዕቃችሁ ነው። ስትሞክረው እሷንም ይዘሃት ውጣ። ጉብታ ላይ የኋላ ሞላው እስከ መጨረሻው ወርዶ ጓ ካለ ሞላውን አጠንክረው፣ ካልተስተካከለ ተወው። ወደ አባይ በረሃ የምትወርድ ከሆነ የፊቱ ዲስክ ፍሬን ይሁን፣ በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ይግልና ይከዳሃል። ለእሷም ሄልሜት ግዛላት።